ሠላሳ ቀን የተያዘች ክፍል

ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ቆቦ ውስጥ በቀን ስለሚያከራያት ክፍል አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ ያወራል።

«በወር ስንት ቀን ትያዛለች?»

«ሠላሳውንም ቀን።»

«አልሐምዱሊላህ! ለአንድ ሌሊትስ?»

«ስምንት መቶ ብር ተምኛለሁ።»

«አንተማ ከበርክ!»

«ተመንኩ እንጂ መች ተቀበልኩ፣ ጋሼ? የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥሎ የአባቴን፣ ከዚያ የአያቴን ይጠይቃል። አያቴ ላይ ስንደርስ ዘመድ ሆነን ቁጭ!»

«ከዘመድ ደግሞ አይቀበሉም።»

«እንዴት ብዬ! እንዲያውም እራቱ በእኔ ነው።»

«ታዲያ ስምህን አትንገራቸዋ።»

«ስሙን የሚደብቅ ሰው ቤት ማን ያድራል?»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

እኔም የዚያን ቀን አዳሬ ቆቦ ነበርና፣ የአያቱን ስም እስኪጠራ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።