የመጨረሻዋ ፅንስ እና የየኔታ ማኅደር

አርብ ዕለት ከአርብ ገበያ ከተማ በጊዜ ተሳፍሮ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ እንደ እኔ ዕድሜ ያላስተማረው ነው። እዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ ርእሰ መምህር ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያም ሆኖ ደብረ ታቦር ለመድረስ ብዬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ተገኘሁ። ሾፌሩ ገበያተኛው ሸጦና ሸምቶ መኪናውን እስኪሞላለት ድረስ ንቅንቅ እንደማይል ነገረን። የነሐሴው ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ትኬት መቁረጫው ጣሪያ ሥር ገባሁ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይም ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ተቀምጠው አገኘሁ።

አንዷ እሌኒ ናት። ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ሌላው የባሏ አባት፣ በአቅራቢያችን ያለው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን የድጓ ዜማ መምህር የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው። የድጓ መጽሐፋቸውን ማኅደር፣ ያን ጥቁር የቆዳ መያዣ፣ እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ አንግተውታል። ሁለቱም የተኳረፉ ይመስላሉ።

«እንደምን አደሩ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መምህር፣ በደህና ጊዜ ደረሱልኝ። እስቲ ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ።»

«ምን አጠፋች?»

«ጋሼ፣ አስቀድመው ከፈረዱ እንግዲህ ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኝ» አለች እሌኒ። ከንፈሯ ፈገግ አለ፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ጉዳዩን ከተማው ያውቀዋል፤ እኛ ጋ የማይታወቅ ጉዳይ የለም። እሌኒና ይበልጣል ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ አልሆነላቸውም። የኔታ የነፍስ አባታቸውን አማክረው ከፈቀዱ በኋላ ባልና ሚስቱ አዲስ አበባ ሄዱ። ከእሷ እንቁላል፣ ከእሱ ዘር ተወስዶ ከሰውነት ውጭ ፅንስ ተበጀላቸው። ፅንሱ ሦስት ጊዜ ማህፀኗ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሦስቱም ጊዜ አልያዘም። አሁን የቀረቻቸው በቅዝቃዜ የተጠበቀች አንዲት ፅንስ ብቻ ናት። ሐኪሙ ይህችን ከማስቀመጡ በፊት ሦስቱ ለምን እንዳልያዙ የሚያሳይ ተጨማሪ ምርመራ አዟል። የኔታ ደግሞ ምርመራው ቀርቶ ፅንሷ በዚሁ ሳምንት እንድትቀመጥ ይፈልጋሉ።

«ፍልሰታን ሙሉ ሱባዔ ይዘን ሰነበትን» አሉኝ የኔታ። «እሷም ጾመች፣ ጠበልም ተጠመቀች። እመቤታችንን ለምነን ስናበቃ ተመልሶ ማህፀን ውስጥ ካሜራ ማስገባት ምን ይባላል? እምነት ማጉደል አይደለም?»

«አባባ፣ አንቱ በጸለዩት ላይ ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቀነስኩም» አለች እሌኒ። «ግን ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቄዋለሁ። ‹ሦስቱ ፅንሶች ጥሩ ነበሩ፤ ስለዚህ የማይዝበትን ምክንያት ማየት አለብን› ነው ያለኝ። ማህፀኔ ውስጥ የተደበቀ ቁስለት ይኖር ይሆናል። የእንቅርት ሆርሞን ሊሆን ይችላል። የደም መርጋትም ሊሆን ይችላል። ሳላውቅ አራተኛዋን ባስቀምጥና እንደ ሦስቱ ብትሆን፣ ከዚያ በኋላ ምን አለኝ?»

«መርምረው ምንም ባያገኙስ?»

«ሊያጡ ይችላሉ፤ እሱንም ነግሮኛል። ካጡ አጡ እላለሁ፤ ያን ጊዜ አንቱ እንዳሉት አስቀምጣታለሁ። ሳልጠይቅ ግን አላስቀምጣትም።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበረች፤ መልሱ እስኪገባት እጇን የማታወርድ ተማሪ ነበረች።

የኔታ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እሷ እንደምትሰማ ግን ያውቃሉ።

«መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ የምፈራው ካሜራውን አይደለም። ወረቀት ላይ ‹ጉድለቱ ከእሷ ነው› ተብሎ የተጻፈ ቀን ዘመድ አዝማዱ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ወንድሜ ገና ድሮ ለይበልጣል ሌላ ሴት አይቶ ጨርሷል። ወረቀት ከሌለ ግን ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ብዬ አፉን እዘጋዋለሁ። ይህችን ልጅ እንደ ልጄ ነው የምወዳት፤ ከቤቴ እንድትወጣብኝ አልሻም።»

እሌኒ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «አባባ» አለች፣ «ጉድለቱ ከእኔ ነው ከተባለ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ። ለዚያ ወረቀት ማን ጠየቀ? ክርስትና ስጠራ ሕፃን አያሳቅፉኝም። አንቱ አፋቸውን ዘጋሁ ይላሉ፤ እኔ ጆሮዬን የምዘጋበት ግን አላገኘሁም።»

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ነፍሷን ይማርና፣ እኔና ሐረገ ወይንም ልጅ አልነበረንም። በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ሕክምና አልነበረም። የነበረውን ያህልም ለመታየት አፈርን፤ በተለይ እኔ አፈርኩ።

«የኔታ» አልኳቸው፣ «ሐረገ ወይን እስክትሞት ድረስ በሰው ፊት ጥፋተኛ ሆና ኖረች። ከእሷ ይሁን ከእኔ ዛሬም አላውቅም። አንድ ቀን ደፍሬ ብመረመር ኖሮ ሸክሟን እጋራት ነበር። ይህ ይቆጨኛል።»

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እሌኒም ያን ጊዜ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባባ፣ ያን የስማዳውን ተማሪ ያስታውሱታል? አዳነን?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! ድምፀ መልካሙን?»

«እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ቤታችሁ የከረምኩ ጊዜ ነው። ለድጓ ምስክርነት ፈተና ቀርቦ ሦስት ጊዜ አዚሞ ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተሳሳተ። ልጁ እያለቀሰ ‹አራተኛ ልሞክር› ብሎ እግርዎ ላይ ወደቀ። ምን አሉት?»

 

«‹አታዚም፤ መጽሐፍህን አምጣ› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«በእጁ የጻፈውን ድጓ ከቤተ ልሔሙ ድጓ ጋር መስመር በመስመር አስተያየነው። ሲገለብጥ አንዲት የዜማ ምልክት ዘሏል። ድምፁ ምንም አልነበረበት። ፍቀን አረምንለት፤ በሳምንቱ ተመሰከረለት።»

«አራተኛ እንዲያዜም ቢፈቅዱለትስ?»

«ስሕተቱን ያጸናው ነበራ! እኔስ ምን መምህር እባላለሁ?»

«ሱባዔ አልያዘም ነበር እንዴ?»

«ይዟል እንጂ! ጸሎቱን ጸለየ፤ መጽሐፉም ታረመ። ምን ያጣላቸዋል?» አሉ የኔታ ቆጣ ብለው፤ ወዲያው ራሳቸውን ሰሙት።  እኔ በበኩሌ ሳቄን ለመደበቅ ጫማዬ ላይ የሌለ ጭቃ መጥረግ ጀመርኩ።

«በይ እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሂጂና ተመርመሪ።»

«ልሄድ ነው አባባ። ችግሩ ማዘዣውም የድሮ ውጤቶቼም ጠፍተውብኛል። በፍልሰታ እናንተ ዘንድ ስከርም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ያልፈለግሁበት የለም። ካጣኋቸው የተመረመርኩትን ሁሉ እንደገና ልጀምር ነው።»

የኔታ ማኅደሩን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ጠፍሩን ፈቱ። ከድጓው ጀርባ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ወረቀቶቿ ነበሩ፤ አንድም አልጎደለም።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ወንድሜ በፍልሰታ ሊጠይቀን የመጣ ዕለት ከቦርሳሽ አወጣኋቸው። አንብቦ ነገር እንዳያነሳብሽ ብዬ ነው። ማኅደሬን ከእኔ በቀር የሚከፍት ሰው የለም። በዚያ ላይ ከድጓው ጋር ቢቀመጡ በረከት ያገኛሉ ብዬ አሰብኩ።»

እሌኒ እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣውም ፊቷ ላይ ብልጭ ብሎ አየሁት። ጨርቁን በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ «አንብበዋቸዋል?» አለች።

«በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን እንዴት አነበዋለሁ? እስቲ አንቺ አንብቢልኝ።»

ማዘዣውን ዘርግታ እያንዳንዱን በአማርኛ ነገረቻቸው። ማህፀን በቀጭን ካሜራ ማየት፤ ከግድግዳው ናሙና ወስዶ ቁስለት መኖሩን መመርመር፤ የእንቅርት ሆርሞን፤ የደም መርጋት። አራቱ ከእሌኒ ስም ሥር ተጽፈዋል። ቀጥላ «ይበልጣል ወልደ ሰንበት» ብላ አነበበች።

«ማን አልሽ?»

«ይበልጣል። ዘሩ ውስጥ ጉዳት እንዳለ የሚታይበት ምርመራና የደም ሥር ምርመራ። ሁለቱ የእሱ ናቸው። ‹ፅንሱ ከተፈጠረ እኔ ምን ጎደለኝ› እያለ እምቢ ብሎኛል።»

«የልጄ ስም አለበት?»

«ከመጀመሪያውም ነበረበት፣ አባባ።»

የሽማግሌው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። እሷን ከሰው ዓይን ለመሰወር ብለው የደበቁት ወረቀት ለካ እሷን ብቻዋን አልጠራም ነበር። ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው «ደውዪልኝ» አሏት። ይበልጣል ደብረ ታቦር ቀያሽ ሆኖ ይሠራል።

«ይበልጣል፣ እኔ ነኝ። ሚስትህ ዛሬ ትደርሳለች። ነገ አብረሃት አዲስ አበባ ትሄዳለህ . . . አይ፣ ለመሸኘት አይደለም። ለመመርመር ነው። ስምህ አለበት፤ አስነብቤ ሰምቻለሁ . . . ሥራ አለኝ አትበለኝ፤ አለቃህን አስፈቅድ።»

ዝናቡ ሲያባራ መኪናው ሞላ። እሌኒን ሊሸኙ የመጡት የኔታ ማኅደራቸውን አንግተው በእግራቸው ወደ ቤተ ልሔም ተመለሱ። እኛም ጉዟችንን ቀጠልን።

በኅዳር ወር እሌኒን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። በናሙናው ላይ ሕመም የሌለው፣ የማይደማ፣ ራሱን የደበቀ ቁስለት ተገኝቶ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ውጣለች። እንደገና ታይቶ ድኗል። የይበልጣል ዘርም የተጎዳ ሆኖ ተገኘ፤ ሲጋራውን አቁሞ ሕክምና ጀምሯል። የቀሩት አራቱ ደህና ናቸው። ፅንሷ በታኅሣሥ ትቀመጣለች። ትያዝ አትያዝ እሌኒም አታውቅም፣ ሐኪሙም ቃል አልገባላትም። ግን የሚታከመው ታክሟል፣ የማያሳስበው ከሐሳብ ወጥቷል፤ ሸክሙም ዛሬ የሁለት ሰው ነው። መመርመር ይህን ያህል ይጠቅማል፤ እኔ ከዘመኔ በኋላ ገብቶኛል፣ ዘመኑ ያላለፈበት ሰው ይስማኝ።

ያን ዕለት እሌኒ የነገረችኝን አንድ ነገር ልጨምር። በጥቅምት የይበልጣል አጎት የሌላዋን ሴት ነገር ሊያነሳ ቤተ ልሔም መጥቶ ነበር። የኔታ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ማኅደሩን ፈትተው እሌኒ በአማርኛ የገለበጠችላቸውን ወረቀት አወጡና ጉባኤ ላይ እንደሚያነቡ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም ስም አነበቡለት። አጎትየው ወረቀቱን ልይ ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ የኔታ አልከለከሉትም።