ለኪዳነወልድ በሩን ክፈቱለት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2009 ዓ.ም.። ከቀትር በኋላ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ ደመናው ግን አልሄደም። ቦታው ከኤረር በር ውጭ ያለችው የማኅበራችን ቄራ፣ የልብስ መለወጫው ክፍል ነው። የተገኙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክለጻድቅ፣ የሁለቱም ወገን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ አራጆች፣ ቆዳ ገፋፊዎች፣ የጋሪ ገፊዎች አለቃ ሙሳ፣ ጥበቃዎች፣ ከእጥበት ክፍል ደግሞ እነ ናዝራ። የተናገርኩትን እንዳልረሳው ራሴ ጻፍኩት።

ክቡራትና ክቡራን፣

ለስላሳ ለገዛችሁ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ይህን ጋቢ ላለበሳችሁኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዱን በግ በእኛ ወገን፣ አንዱን በእናንተ ወገን አሳርዳችሁ ሁለት ትሪ ያቀረባችሁትን ደግሞ አይቻለሁ። ለአንዲት ጨጓራ አጣቢ ይህን ያህል ድግስ! የሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አልተደከመልኝም።

አቶ ተክለጻድቅ «ንግግር አድርጊ» ሲሉኝ ሳቅኩ። እኔ በዚህ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት ከጨጓራ ጋር ነው። ጨጓራ ጥሩ አድማጭ ነው፤ ጣልቃ አይገባም። ተምሬም አይደለም የምናገረው። ፊደል የቆጠርኩት ሥጋ ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቅዳጅ ላይ ነው፤ ደም የነካውን ቃል እየዘለልኩ። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ብዘል ታገሡኝ።

የምሄደው አርጅቼ አይደለም። የቀኝ ትከሻዬ ከእንግዲህ ባልዲ አያነሣም ስለተባለ ነው። አዲሶቹ «ወድቃ ተሰብራ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አልወደቅኩም። ተመትቼ ነው። የመታኝም የዚህ ቤት አራጅ የነበረው ኪዳነወልድ ነው።

ስሙን እዚህ የሚጠራው የለም። ዛሬ ግን እጠራዋለሁ፤ የምለምናችሁ ስለ እሱ ነውና። በእኔ ቦታ፣ በእጥበት ክፍል፣ እሱን ቅጠሩልኝ።

አትንጫጩ። እስክጨርስ ስሙኝ።

ሙሳ፣ አንተም ተቀመጥ። ቀድመህ እንደምትነሣ አውቄ ነው ወንበርህን ከግድግዳው ጋር ያስጠጋሁብህ። አቶ ተክለጻድቅን ጠይቄያቸዋለሁ። «ሙሳ እሺ ካለ እቀጥረዋለሁ፤ ሙሳ እምቢ ካለ በዚህ በር አይገባም» ብለውኛል። ልክ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሁላችሁም ቢሆንም የምለምነው አንድ ሰው ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያኔም እንደ ዛሬው ሁለት ማረጃ ቤት ነበረን። የእኛ ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ የሙስሊሞቹ ወደ ቂብላ፣ ወደሚሰግዱበት አቅጣጫ፣ የዞረ። ሁለት በር። ደጅ የቆመው ሰው ቢላዋውን አያይ፣ ጸሎቱን አይሰማ፤ የሚያውቀው ሥጋው የወጣበትን በር ብቻ ነው። በዚያኛው በር ከወጣ የእኔ ነው፣ በዚህኛው ከወጣ የእኔ አይደለም። አለቀ።

የ1993ቱ ቀዳም ሥዑር ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእኛ ቤት ቦይ ተደፈነ። ደሙ መውጫ አጥቶ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። የፋሲካ በሬዎች ገና ቆመዋል፤ የደም ሽታ ደርሷቸው ይራገጣሉ፣ ገመድ ይበጥሳሉ። ኪዳነወልድ እየተንሸራተተ ይሳደባል። ሟቹ ቡሽራ፣ የሙስሊሞቹ አራጅ፣ ሥራውን ጨርሶ እጁን ሊታጠብ ሲል አየውና፦

«ና እዚህ እረድ» አለው። «የእኛ አልቋል፣ ቤቱ ታጥቧል። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅህ አዙርና በራስህ ባርክ።»

«ሰው ቢያየንስ?» አለ ኪዳነወልድ።

«አላህ እያየህ ሰው ትፈራለህ? እረድ ይልቅ፣ ሳይመሽብህ!» ብሎት ወደ ጀጎል ግንብ ውስጥ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኪዳነወልድም ገብቶ አማትቦ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብሎ አረደ። እዚያው ወለል ሳጥብ ነበርኩ። አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ።

ሙሳ ጋሪውን ጫነ። ደጅ ደግሞ ሥጋቸውን የሚጠብቁ የእኛ ሰዎች ተሰልፈዋል። ጋሪው በሙስሊሞቹ በር ብቅ ሲል አንዱ «የፋሲካውን በሬ እስላም አርዶታል!» ብሎ ጮኸ።

የመጀመሪያው ድንጋይ የሙሳን ጉንጭ ከፈተው። በሁለቱ የጋሪ እጀታዎች መካከል ወደቀ። ሥጋውን ጎትተው ሜዳ ላይ ጣሉትና ወደ ሰውየው ዞሩ። በጫማ ነው፣ በድንጋይ ነው፣ ከጋሪው በተነቀለ እንጨት ነው። አንዱ ፀጉሩን ይዞ ቀና ያደርገዋል፣ ሌላው ፊቱን ይመታዋል። ጥርሱ ሲወጣ አየሁ። የሚመቱትን አውቃቸዋለሁ፤ ከእነሱ ጋር ቆሜ አስቀድሻለሁ። ጾመው የዋሉ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ወር ሥጋ ያልቀመሰ አፍ የሰው ሥጋ ሊበላ መጣ።

«ወላሂ እኔ ገፊ ነኝ! እኔ አላረድኩም!» ይላል ሙሳ።

«ታዲያ ማን አረደው? ተናገር!»

ያን ጊዜ ኪዳነወልድ በሩ ላይ ቆሟል፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ነው። ሙሳ ከተኛበት ቀና ብሎ አየው። ስሙን ቢጠራ ይለቁት ነበር። አልጠራም። ሙሳ፣ ለምን እንዳልጠራህ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። አንተም ነግረኸኝ አታውቅም።

አንዱ ወደ በሩ ዞሮ «ኪዳኔ፣ አንተ ነህ ያረድከው ወይስ እነሱ?» አለ።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። «እኔ ነኝ» ቢል ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አፍሮ ሥጋውን አጥቦ ይሄድ ነበር። ኪዳነወልድ ግን በሙስሊም ቤት አረደ መባልን ፈራ።

«እኔ በእስላም ቤት ምን ልሠራ?» አለ። ይህን ብሎም አልቆመም። ንጹሕ መስሎ ለመታየት የመጥረቢያ እጀታ አንሥቶ ወደ ሙሳ ሄደ።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ታውቁኛላችሁ፣ አይጥ ሳይ የምጮኸው እኔ ነኝ። እግሬ እንዴት እንደ ሄደ አላውቅም። ሙሳ ላይ ተደፋሁና «አማትበህ ያረድከው አንተ ነህ! ንገራቸው!» አልኩት። ዱላው ያን ጊዜ አቅጣጫ ለወጠ። አፌን ሊዘጋ የተሰነዘረ ነበር፤ ፊቴን ሳዞር ትከሻዬ ላይ አረፈ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ የበሬ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ታውቃላችሁ። እኔ ከራሴ ውስጥ ሰማሁት። ደገመኝ። ሦስተኛውን ሲያነሣ ጥበቃዎቹ ወደ ሰማይ ተኮሱና ሰው ተበተነ።

ሙሳ አንድ ዓይኑን አጣ። እኔ ይኸው።

በማግሥቱ ፋሲካ ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ደወል እሰማለሁ። ነርሷ እያለፈች «እንኳን አደረሰሽ» ትለኛለች፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ። እግዚአብሔርን ምን እንዳልኩት አልነግራችሁም። መልካም ነገር አልነበረም። ስምህን የያዙ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ የት ነበርክ? የሚል ነገር ነው።

በዚህ መካከል የሙሳ ሚስት ሳፊያ ሳህን ይዛ ገባች። ባሏ በወንዶቹ ክፍል ጭንቅላቱ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ይንቃ አይንቃ አይታወቅም። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሥጋ ባመጣልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። «ግን በእኛ የታረደ ነው፤ በበዓልሽ ቀን ሃይማኖትሽን አልነካም ብዬ እንቁላል ጠበስኩልሽ።»

«አንቺ ዛሬ ለእኔ ትጠብሻለሽ?»

«ታዲያ ማን ይጥበስልሽ? እንቁላል እንደሆነ እስላምም ክርስቲያንም አይደለም። አፍሽን ክፈቺ።»

ቀኝ እጄ ታስሯል። አጎረሰችኝ። ሁለቱንም ወገን ሳይጠይቅ የሚወድ እንዳለ ያወቅሁት በዚያ ጉርሻ ነው። ከዚያ በፊት የእግዚአብሔር ፍቅር ሲባል ብርሃን፣ ዕንባ፣ ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ የራሷ ባል በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ፣ የእሱ ደብዳቢዎች ወገን የሆነችውን ሴት የምታጎርስ እጅ ናት። እግዚአብሔር የት እንደ ነበር ጠይቄው ነበር። እንቁላል ሲጠብስ ነበር።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን አውቄም ይቅርታ አልመጣልኝም። ኪዳነወልድ ታሠረ፣ ተፈታ። ቢላዋ የሚሰጠው ጠፍቶ ለግንበኞች ድንጋይ ይሸከም ጀመር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሳየው በሌላ ቅያስ እታጠፋለሁ። በየማታው ስጸልይ የበደሉንን ይቅር የምንልበት ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን አጠፋለሁ። እግዚአብሔርን የማታልለው መስሎኝ ነው?

ዘንድሮ በጾሙ መካከል ደጄን አንኳኳ። በትር የያዘ ሽማግሌ ሆኗል።

«ልግባ?» አለ።

«አትግባ። እዚያው ሆነህ ተናገር።»

«መንግሥት አሠረኝ፣ መንግሥት ፈታኝ። አንቺ ግን አልፈታሽኝም።»

«ሙሳ ዘንድ ሄደሃል?»

«ፈራሁ።»

«ምን ፈራህ? እንዳይመታህ?»

«አይደለም። ይቅር እንዳይለኝ ፈራሁ... አይ፣ ይቅር ቢለኝስ ብዬ ነው የፈራሁት። ምን እሆናለሁ ያን ጊዜ?»

ንዴት ከእግሬ ጥፍር ተነሣ። መወልወያ እንጨት በግራ እጄ ይዤ ነበር፤ ከፍ አደረግሁት። አልሸሸም። በትሩን ጥሎ አንገቱን ሰጠኝ። በዚህ ቤት ስንት የሚታረድ አንገት አይቻለሁ! ሲደክመው ገመዱን መታገል ይተውና ዝም ይላል። የእሱም እንደዚያ ሆነብኝ። ጽድቅ አግኝቼ አይደለም የተውኩት፤ ሳልመታው ክንዴ ዛለ። ከዚያ «ግባ፣ ብርድ ነው» አልኩት። ይቅርታ የሚባለው ይህ ከሆነ እንግዲህ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ትልቅ ነገር መስሎኝ ስንት ዓመት ፈራሁት! አንድ በርጩማ ማቅረብ ኖሯል።

ስለዚህ ክቡራን፣ ቢላዋ አልለምንለትም። ባልዲ ነው። «የሴት ሥራ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ሳምንት ጨጓራ አጥባችሁ ከዚያ ብትነግሩኝ።

እዚህ ላይ ሙሳ ተነሣ። ወንበሩ ግድግዳውን መታ።

«ተናኜ፣ ዓይኔን ማን ይመልስልኛል?»

«ማንም አይመልስልህም።»

«ሳፊያ የፋሲካው ዕለት ልጅ አስወረዳት፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሳህኑን አስቀምጣ ስትወጣ ነው ያመማት።»

«እያወቅሽ ነው የምትለምኚኝ?»

«እያወቅሁ ነው። አንተ ባልዋሸኸው ውሸት ተመትተሃል፤ ያለ ዕዳህ ከፍለሃል። ይገባዋል ብዬ አይደለም የምለምንህ፤ አይገባውም። ለሚገባው ሰው ልመና ምን ያደርጋል?»

ሙሳ ኮፊያውን አስተካክሎ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። አቶ ተክለጻድቅ «ቀጥዪ» አሉኝ፤ እኔም የቀረኝን ምርቃት ብቻ ተናገርኩ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እጃችሁን ከስለት ይጠብቅላችሁ። በሰላም የገባችሁበት ቤት በሰላም ይሸኛችሁ። ልጆቻችሁ አንዱ የሌላውን ስም በጩኸት ሳይሆን በጥሪ ይወቁት። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ይመጣልና፣ ያችን አንድ ቃል የምትናገሩበት አንደበት ይስጣችሁ። አሜን በሉኝ፤ በየቋንቋችሁ፣ በየእምነታችሁ። አጥፍቼ ከሆነ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። እኔ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ጸሎቴን አደረስኩ፤ ድምፄን የትም አላጠፋሁም። ኪዳነወልድ ቤት ሄጄ ቀሰቀስኩት። «ሙሳ እሺ አለ?» አለኝ። «አላለም» አልኩት። «ታዲያ የት ትወስጂኛለሽ?» «ተነሥ፣ እምቢ ይበልህ። ከእሱ አፍ ስማ።» አብረን ወደ ቄራው ወረድን።

ሙሳ የተጫነ ጋሪ ይዞ ዳገቱን ሊወጣ ሲል አገኘነው። ኪዳነወልድን ሲያይ ቆመ። ኪዳነወልድ በትሩን ጥሎ ሊንበረከክ ሲል ሙሳ «ተው!» ብሎ ጮኸበት። «መሬት ላይ ያለ ሰው ማየት ሰልችቶኛል።» በአንዱ ዓይኑ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ሙሳ ወደ ግራ ፈቀቅ አለና የቀኙን እጀታ ለቀቀው።

«ምን ታየኛለህ? ከባድ ነው፣ ግፋ እንጂ» አለው።

ኪዳነወልድ ያዘ። ገፉ። ዳገቱን እስኪጨርሱ ቆሜ አየሁና ይህን ልነግራት ወደ ሳፊያ ቤት ሄድኩ።