ፊት የሚልጠው ቅባት

ልጆቼ ጆሮህ ደክሟል ይሉኛል፤ ውሸት ነው። ከሲሬ ወደ ነቀምት በአውቶቡስ ስመለስ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር አንዲት ተማሪና አንዲት ነጋዴ ተቀምጠው ነበር፤ አይተዋወቁም።

«ልጄ፣ ፊትሽን ምን ላጠው?» አለች ነጋዴዋ።

«የብጉር መድኃኒት ነው፤ ትሬቲኖይን ይሉታል።»

«ብጉር ይጥፋ ብለሽ ቆዳሽን ጨረስሽው?»

«መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ እህቴ። ማታ ማታ የአተር ፍሬ የምታህል ነው የምቀባው። ቀን ደግሞ ከፀሐይ እሸሻለሁ።»

«ለእኔም ይሆናል? አገጬን እዪው፤ በዚህ ዕድሜዬ ብጉር ወረረኝ።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«በቅርቡ ነው። እስቲ ትንሽ እጄ ላይ አድርጊልኝ።»

«ቆይ። አርግዘሻል እንዴ?»

«ይሄ ምን አገናኘው?»

«ሐኪሙ እኔንም አስቀድሞ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። እርጉዝ ሴት አትቀባውም፤ ለፅንሱ ያሰጋል።»

ነጋዴዋ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«ዋቀዮ፣ አምላኬ፣» አለች፤ «ልቀባው ነበር እኮ።»

«አርግዘሻል ማለት ነው?»

«ቀስ በዪ፤ ባሌ እንኳ ገና አልሰማም።»

ከባሏ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ሽማግሌው፣ እንደተኛ ሰው ዓይኔን ጨፈንኩ።