የፊተኛው ወንበር

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ሆዴን አመመኝ ብላ ትምህርቷን ሰረዘች። ሆዷን እንዳላመማት አውቃለሁ፤ የፈራችው አደባባዩን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መኪና መንዳት ሳስተምር የሰውን ፍርሃት ከድምፁ መለየት ለምጃለሁ። እሷ ባትሰርዝ ኖሮ ግን በዚያ ሰዓት በኔታንያ፣ በኪርያት ኖርዳው ሠፈር የአውቶቡስ ፌርማታ በኩል አላልፍም፣ አባ ዘመዱንም አላገኛቸውም ነበር።

አባ ዘመዱ የድሮ ጎረቤቴ ናቸው። ከጎንደር በሱዳን በኩል ከመጡት ወገኖቻችን አንዱ ሲሆኑ፣ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ያን ዕለት ኮት ለብሰው ባርኔጣ ደፍተው ቆመዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገኘሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል፤ አምና ጉልበታቸውን በቀዶ ሕክምና አስቀይረዋል። ልጃቸው ናኦር አግብቶ ወጥቷል፤ የመጨረሻዋ ሲቫን አጠገባቸው ሆና ስልኳን እያየች ትቁነጠነጣለች። ሲቫን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ዐጋሚም ሠፈር በማሽካንታ፣ በባንክ ብድር፣ ቤት ገዝታ ብቻዋን ትኖራለች። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም ቢሆን መፍጠን ትወድ ነበር።

«እግዜር ነው ያመጣህ፣ ብሩ» አሉኝ አባ ዘመዱ፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ። «ይህች ልጅ መኪና ልትገዛ ነው። ሁለት አይቻለሁና ኑ አብራችሁኝ ሞክሩ ብላ ልትወስደን ነው። አንተ አስተማሪዋ ነህና ምከርልኝ።»

«ምን ብዬ ልምከርልዎ?»

«ተይ በላት። ከገዛች ሰባት ሰው የሚጭን ትግዛ። እኛ ለለቅሶ አፉላ፣ ለሠርግ አሽዶድ የምንሄድ ሰዎች ነን። እሷ የወደደችው መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ የሚያጓራ፣ የጎረምሳ መኪና ነው።»

«ማ ፒትኦም፣ የምን የጎረምሳ፣ አባ» አለች ሲቫን ዕብራይስጥ እየቀላቀለች። «ሴዳን ነው፤ አራት በር አለው። ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ያምራል። አሥራ ሁለት ዓመት በአውቶቡስ ተመላልሻለሁ። ከሥራ ስወጣ ደስ ብሎኝ የምገባበት ነገር መፈለግ ነውር ነው?»

«ሰው ምን ይላል?»

«አውቶቡስ ላይ ቆሜ ስሄድ ሰው ምን አለ?»

እውነቴን ነው፣ በልቤ ለሁለቱም አደላሁ። በእኛ ወገን ዘንድ መኪና የገዛ ሰው በማግስቱ የዘመድ ሁሉ ሹፌር ይሆናል፤ አባ ዘመዱ ያሰቡት ይህን ነው። ሲቫን ደግሞ ልፋቷን ያየሁላት ልጅ ናት። ስለዚህ መምከሩን ትቼ «ግቡ፣ እኔ ላድርሳችሁ» አልኳቸው።

አባ ዘመዱ እንደ ልማዳቸው ከፊት ተቀመጡ። ሴቶቹ ከኋላ ገቡ። ወይዘሮ አገኘሽ ለመግባት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ምርኩዛቸው በሩ ላይ ሲጋጭ ሰምቻለሁ፤ ዞር ብዬ ግን አላየሁም። መስተዋት ተመልከቱ እያልኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ።

በመንገድ ላይ አባ ዘመዱ ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አገኘሽ ከእህቷ ከባንች ጋር ተኮራርፋለች። ከአምናው ፋሲካ ወዲህ ባንች ያለችበትን ቃዲማ ዞራንን አልረገጠችም። ለምን ብላት አትናገርም። ባንችም መደወል ተወች። ሁለት እህትማማቾች ናቸው የቀሩት፣ ብሩ። እንዲህ እንዳሉ አንዷ ብትሞትስ?»

ወይዘሮ አገኘሽ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

የመኪና መሸጫው ኢንዱስትሪ ሠፈር ውስጥ ነው። ኖአም የሚባል ወጣት ሻጭ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ጠበቀን፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለኩባንያ ማስታወቂያ የምሠራበት ምክንያት የለኝም። ሁለቱም ከተራው መኪና ከፍ፣ ከሀብታሙ መኪና ዝቅ የሚሉ ናቸው። ጥቁሩ ይበልጥ ዝቅ ያለ፣ ጎማው ስስ፣ ወንበሩ ሰውን ግራና ቀኝ ጨብጦ የሚይዝ ነው። ነጩ ሞተሩ ብዙም አያንስም፤ ግን ወንበሩ ከፍ፣ በሩም ሰፋ ይላል።

«ጥቁሩ ኩርባ ላይ መሬቱን አይለቅም፣ ሞሬ» አለችኝ ሲቫን፤ እስከ ዛሬ በዕብራይስጥ «አስተማሪዬ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ዓይኗ ሌላ አያይም።

አባ ዘመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሁለቱንም ዞሯቸው። ኮፈኑን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። «አገር ቤት በቅሎ ሲገዛ መልኩን የሚያይ ሞኝ ነው። አረማመዱ ነው የሚታየው። ሰጋር ከሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህበት ወገብህን አያምህም። ይኸ ጥቁሩ ሰጋር ነው?»

«ትንሽ ያነጥራል» አልኩ።

«ስፖርታዊ ስለሆነ ነው» አለች ሲቫን። «ግቡ፣ እንሞክረው።»

አባ ዘመዱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ገቡ። ሲቫን የኋላውን በር ለእናቷ ከፈተች። ወይዘሮ አገኘሽ ወንበሩን አዩት፤ ወደ ታች ነው የሚያዩት። አንድ እግራቸውን አነሱና መልሰው አሳረፉ። ከዚያ ፈገግ ብለው «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

ሲቫን በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ረጋ፣ ቆዪ ኢማ» አለች ወደ እናቷ ዞራ ቀስ ብላ። «ናኦር ለልጁ ልደት ሊወስድሽ ሲመጣ ይህንኑ ነው ያልሽው። ለዘመድ ሠርግም ይህንኑ አልሽ። አክስቴ ባንች ጋ እንሂድ ስልሽም ይህንኑ። ሁልጊዜ እናንተ ሂዱ ነው የምትይው። ጉልበትሽ አይታጠፍም አይደል?»

ወይዘሮ አገኘሽ ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ኢማ፣ ከኋላ መቀመጥ ያምሻል?»

«በፋሲካው ከባንች ቤት ስመለስ አልቅሻለሁ» አሉ ወይዘሮ አገኘሽ። «ጨለማ ነበር፣ አላያችሁም። ከዚያ ወዲያ ፈራሁ። ለሰው እንዲህ ተብሎ ይነገራል?»

«ከባንች ጋር አልተጣላሽም?» አሉ አባ ዘመዱ ከመኪናው ውስጥ።

«በምን እጣላታለሁ?»

እኔ አፈርኩ። ጠዋት ምርኩዙ በሩ ላይ ሲጋጭ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ሲቫን ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። «አባ፣ ውጣና ኢማ ከፊት ትቀመጥ። ከፊት ቦታው ሰፊ ነው፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየቻት እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ከዚያ እግሯን ታስገባለች።»

አባ ዘመዱ አልተነሡም። «እኔ ከኋላ ልቀመጥ? ምኩራቡ ደጃፍ ስንደርስ ሽማግሌው ሁሉ እያየኝ ከሴት ኋላ ልውረድ? ይህ ከአባቶቻችን የመጣ ደንብ ነው፣ ልጄ። ክብር ነው። ሰው ክብሩን ከጣለ ምን ይቀረዋል?»

«አባቶቻችን መኪና ነበራቸው?»

«በቅሎ ነበራቸው። አህያም።»

«እሺ። በሱዳኑ መንገድ አንድ አህያ ነበረችን ብለህ ነግረኸኛል። እላይዋ ላይ ማን ነበር?»

አባ ዘመዱ ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩ። ኖአም አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ከብዶት ወደ ቢሮው ፈቀቅ አለ።

«እናትሽ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ናኦርን ፀንሳ ነበር። እግሯም አብጦ ነበር።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከኋላ። እነዳ ነበር።»

«በእግርህ?»

«በእግሬ ነዋ።»

«ሽማግሌዎቹ አብረው ነበሩ። ከሴት ኋላ ይሄዳል ያለህ አለ?»

«ማን ምን ይለኛል? የደከመ ይጫናል፣ የበረታ ይነዳል። ደንቡ እንደሱ ነው።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቆዩ። የገዛ ቃላቸው መልሶ የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። እኔም አንድ ነገር ገባኝ። ይህን የወንበር ደንብ ከጎንደር ያመጣነው አይደለም። እዚሁ ኔታንያ፣ በታክሲና በዘመድ መኪና ውስጥ የለመድነው ነገር ነው፤ ብዙ ዓመት ስለተቀመጥንበት ጥንታዊ መሰለን። አባ ዘመዱ ይዘውት የመጡት እውነተኛ ደንብ ሌላ ነበር።

ምክር ልጨምር ብዬ «አባ ዘመዱ...» ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። ወጡ፤ ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ በጥቁሩ መኪና የኋላ በር ገብተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው መጣ። ከዚያ ለመውጣት የእኔን እጅ ያዙ፤ እሳቸው ጉልበታቸው ደህና ነው።

«አገኘሽ» አሉ። «ዓመት ሙሉ እዚህ ነው ያስቀመጥኩሽ?»

«እኔም አልተናገርኩም» አሉ ወይዘሮ አገኘሽ።

ሲቫን ጥቁሩን መኪና ለረጅም ጊዜ አየችው። እንደወደደችው ያስታውቅ ነበር፤ አዘንኩላትም። «ሞሬ» አለችኝ፣ «ሦስቴ መጥቼ ሞክሬዋለሁ። አንድም ቀን ከሹፌሩ ወንበር ውጪ ሌላ አልተቀመጥኩበትም።»

«ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚገዛው» አልኳት። «እኔም እንዲያ ነው የገዛሁት።»

ነጩን ሞከርን። ወይዘሮ አገኘሽ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን አስገቡ። ማንም አልደገፋቸውም። እኔና አባ ዘመዱ ከኋላ ሆንን። ሲቫን ወደ አውራ ጎዳናው ስትገባ ነዳጁን ረገጥ አደረገች፤ ነጩም እንደማያሳፍር አሳየ። ወይዘሮ አገኘሽ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ስንት ዘመን እንደሆነ አላውቅም።

«ሰጋር ነው» አሉ አባ ዘመዱ ከጎኔ።

የቃዲማን ምልክት ስናይ ወይዘሮ አገኘሽ «ባንች ከዚህ ሩቅ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«አሥር ደቂቃ» አለች ሲቫን። «ግን ኖአም የሰጠን ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ደውዪለት» አሉ አባ ዘመዱ። «እንዘገያለን በይው።»

ባንች በሩን ስትከፍት እህቷን ከነምርኩዛቸው ደጃፏ ላይ አገኘቻቸው። መጀመሪያ አልተሳሳሙም። ባንች የመዝጊያውን ዳር ይዛ «ምን ብዬሽ ነበር?» አለች። «ዓመት ሙሉ ምን ተናግሬ እንዳስቀየምኩሽ ሳስብ ከረምኩ። ያን ቀን የተናገርኩትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩት። ምኑ ላይ ነው የበደልኩሽ?»

«ምንም አልበደልሽኝም፣ እህቴ» አሉ ወይዘሮ አገኘሽ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባንች» አሉ አባ ዘመዱ ከኋላ። «እኔ ነኝ የያዝኳት።» ሌላ ምንም አልጨመሩም። እህትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ምርኩዙ ወደቀ፤ ያነሡትም እሳቸው ናቸው።

ሲቫን ነጩን ገዛች። ወይዘሮ አገኘሽ በየሳምንቱ ሐሙስ ቃዲማ ዞራን ይሄዳሉ፤ የናኦርን ልጅ ለማየትም፣ ለዘመድ ለቅሶም ቀርተው አያውቁም። ሲቫን ደግሞ የፈለገችውን ፍጥነት አላጣችም፤ እናቷን ስታሳፍር ግን ሳልነግራት ትቀንሳለች። አባ ዘመዱ ምኩራቡ ደጃፍ ላይ ከኋላው በር ወርደው የፊቱን ይከፍታሉ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ተሳሳቁ። አባ ዘመዱ «የናንተስ ሚስቶች የት ናቸው? ለምን ቤት ቀሩ?» ብለው ጠየቋቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም ይባላል። መኪና የምትገዙ ሁሉ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ሞተሩን ከመስማታችሁ በፊት ከኋላ ገብታችሁ ተቀመጡ። በቤታችሁ ደካማ የሆነው ማን እንደሆነ ጠይቁና እሱን ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ማስተማር የጀመርኩት ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ነው። እናቴ በሕይወት እያለች አሥር ዓመት በመኪናዬ ከኋላ ተቀመጠች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት «አንተ ሂድ ልጄ፣ እኔ ቤት እሆናለሁ» ትለኝ ነበር። እኔም ቤት መቀመጥ የምትወድ ይመስለኝ ነበር።