በስማቸው ይጥሯቸው

በደርግ ጊዜ ከላሊበላ ወደ ወልድያ በጭነት መኪና ስንወርድ፣ አንዲት እናት ጭንቅላታቸው በነጠላ የተጠመጠመ ባለቤታቸውን ታቅፈው ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጠየቃቸው።

«ምን ሆነው ነው?»

«አሸተን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ከገደል ወደቁ።»

«መድኃኒት ወስደዋል?»

«ራሴን ራሴን ሲሉ አስፕሪን ሰጠኋቸው፤ ጧትም ማታም።»

«አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ እናቴ። ጭንቅላታቸው ውስጥ እየደማ እንዳይሆን። ለሐኪሙ መጀመሪያ ይህንን ይንገሩ።»

«እኔው ገደልኳቸው በለኛ!»

«ኧረ አይበሉ! አሁን እንዳይተኙ በስማቸው ይጥሯቸው። መልስ ካጡ ይንገሩኝ።»

«ባሌን በስም? ከተጋባን ጠርቻቸው አላውቅም፤ ነውር ነው።»

«ዛሬ ነውር የለም።»

እናት ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ደሳለ!… አንተ ደሳለ!»

እስከ ወልድያ ድረስ በልቤ «አቤት በላት» እያልኩ ሄድኩ።