ሳይክሎቹ ወደ አስፋልት የተመለሱበት ማለዳ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ዝግጅት ያሰናዳችሁትን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ማኅሌትን በተለይ፤ ፊኛ ስትነፋ ፊቷ እስኪቀላ ድረስ አይቻታለሁ። ኃላፊያችን አቶ አጵሎስም ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተናግረዋል። ግማሹን በሥራ ላይ እያለሁ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ የጡረታ መውጫዬ ይራዘምልኝ ብዬ አመለክት ነበር።

አሳጥሪ ተብያለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ በትራፊክ ሥራ በሆሳዕና መንገዶች ላይ ሰውን ቁም፣ እለፍ ስታሰኝ የኖረች ሴት፣ እሷም ቁሚ ስትባል እሺ ማለት አለባት። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም።

እዚያ ጥግ የተቀመጠችውን ሃቢባን አዲሶቹ ሠራተኞች ላታውቋት ትችላላችሁ። የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። አባቷ አቶ ረሻድ ገበያው አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አላቸው። የሳይክል ነጂዎቹ ማኅበር ሰብሳቢም እሷ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት በዚህ ቢሮ ስሟ ሲነሳ ምን እንላት ነበር? "ያቺ በጥባጭ!" አትሳቂ ሃቢባ፤ አንቺም እኛን ምን ትዪን እንደነበር ሰምተናል።

ነገሩ የጀመረው በሐዘን ነው። ታናሽ ወንድሟ ሳዲቅ በሳይክል ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ ጠርዝ ይዞ የቆመ አይሱዙ መንገዱን ዘጋበት። ሊያልፈው ወደ መሃል ወጣ፤ ከኋላው የመጣ ሚኒባስ ገጨው። ሮጦ ያነሳው የኛው ሳጅን ዳኘ ነበር። ልጁ ሐኪም ቤት ሳይደርስ በዳኘ እጅ ላይ አረፈ።

ዳኘ ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ምሳ መብላት አቆመ። ስብሰባ ተጠርቶ ምን ይሻላል ሲባል፣ ተነስቶ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ ሁለተኛ ሰው ከአስፋልት ላይ አላነሳም።" ማን እምቢ ይለዋል? ሳይክል በዋናው አስፋልት እንዳይነዳ ተወሰነ።

ጊዜው ደግሞ ነዳጅ የጠፋበት ነው። ባጃጅ በወረፋ እንኳ አይገኝም። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ከሌሞ ገጠር ለሥራ የሚገባው ሁሉ ሳይክል ገዝቷል። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሂዱ አልናቸው። ክረምት ላይ ያ መንገድ እንኳን ጎማ ቦቲ ጫማም እንደሚያስቀር እያወቅን! እየተደበቁ በአስፋልቱ ሲሄዱ ሳይክላቸውን መያዝ ጀመርን። ግቢያችን ተሞልቶ ባልደረባችን ብርቅዬ መኪናዋን የምታቆምበት አጣች።

በአንድ የገበያ ቀን ሃቢባና ጓደኞቿ የቀሯቸውን ሳይክሎች በእጃቸው እየገፉ ወደ ዋናው አስፋልት ወጡ። ክልከላው አትንዱ ነው የሚለው፤ አትግፉ አይልም። መንገዱ ቀጥ አለ። ጡሩምባው፣ የጋሪ ፈረሱ፣ ስድቡ! ይታሰሩ ያሉ ነበሩ። አቶ አጵሎስ ግን "ወይንሸት፣ ጥሪያቸውና አነጋግሪያቸው" አሉኝ።

ጠራኋቸው። ዳኘም ገብቶ ተቀመጠ። ብዙ ከተባባልን በኋላ ዳኘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ሃቢባ፣ ሌላው ቢጠይቅ ይገባኛል። አንቺ እንዴት ሳይክል ይመለስ ትያለሽ?" አላት።

"ጋሽ ዳኘ፣ ሳዲቅን ያነሱት እርስዎ ነዎት። ቤታችን ያንን አይረሳም" አለች። "ግን ከለከላችሁት ማንን ነው? ሳይክሉን ነው። አይሱዙው ዛሬም እዚያው ቦታ ቆሟል። ስመጣ አይቼዋለሁ።"

ዳኘ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። የተቀየመ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ አቶ አጵሎስ ናቸው።

"ወይንሸት፣ ዳኘ መናኸሪያው ጋ አይሱዙዎቹን እያስነሳ ነው አሉ። ማን አዘዘው?"

"መቆም ክልክል ነው የሚለው ምልክት ነዋ።"

"የቱ ምልክት?"

"እኛው የተከልነው!"

ዕቃ የሚያወርዱበት የጠፋቸው ነጋዴዎች ቢሮውን አጥለቀለቁት። መሃላቸው አቶ ረሻድም ነበሩ። እሳቸውም ቆርቆሮ የሚያስመጡት በአይሱዙ ነው። ተራቸው ሲደርስ ምን አሉ?

"ወይዘሮ ወይንሸት፣ የእኔ ዕቃ ከአሁን በኋላ በጓሮ በኩል ይውረድ። ትንሽ ሸክም ይበዛል፤ ይብዛ። የሰው ልጅ በእኔ ቆርቆሮ ምክንያት ወደ መሃል አይውጣ።"

ይህን ብለው ወጡ። ሊጮኹ የመጡት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ በኋላ የጮኸ የለም። አንዳንዱ "የእኔም በጓሮ ይሁን" አለ፤ አንዳንዱ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ወሩ ሳይወጣ ጠርዙ ጸዳ፣ መስመር ተቀባ፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ አስፋልቱ ለሳይክል ተከፈተ።

በተከፈተበት ማለዳ ዳኘ ሳዲቅ የወደቀበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም አጠገቡ። ሃቢባ እየነዳች መጥታ ፊቱ ስትደርስ ቆመች።

"ጋሽ ዳኘ፣ ልለፍ?"

"እለፊ። ቀስ እያልሽ።"

አለፈች። ዳኘ ገበያው ድረስ በዓይኑ ሸኛት። "ዳኘ፣ ደርሳለች እኮ" ስለው፣ "አየኋት" አለኝ። ዓይኑን ግን አላነሳም።

ባልደረቦቼ፣ ዳኘ ጨካኝ ሆኖ አልከለከለም፤ ሃቢባም ለመበጥበጥ አልወጣችም። ሁለቱም የሚያለቅሱት ለአንድ ልጅ ነበር። ያንን ለማወቅ አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነበር፤ እኛ ግን ስንት ጊዜ ፈጀን? በቅርቡ ከጎረቤቶቻችን ከዳምቦያና ከሆመቾ ከተሞች የመጡ የሥራ ባልደረቦች "እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ነው?" ሲሉኝ፣ "ጠርተን ሰማናቸው" አልኳቸው። "በቃ?" አሉኝ። በቃ።

ሁሉም ነገር አልተፈታም። ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ዳገት እስካሁን ለሳይክል ዝግ ነው፤ ሃቢባም እስካሁን ትሟገታለች። እዚያ ስብሰባ ላይ እኔ አልኖርም። እናንተ ኑሩ። ስትወስኑም ዳገቱን የሚወጡት ሰዎች አጠገባችሁ ተቀምጠው ይሁን።

በሉ ልመርቃችሁ። አቶ ረሻድን ፈጣሪ ያጽናቸው። ዳኘ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ። ሃቢባ፣ ጉልበትሽ አይድከም። እናንተም ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ በሥራችሁ የሚመሰገን ስም ይስጣችሁ። በእግሩም፣ በጋሪም፣ በሳይክልም፣ በመኪናም ማልዶ ከዚህች ከተማ ቤቶች የሚወጣ ሁሉ፣ ማታ ደጁ ሲደርስ "መጣሁ" የሚልበት ድምፅ አይጥፋ።