በሀሌሉያ ላይ ስለ ደረሰው የመኪና አደጋና ስለ መኖሪያ ማኅበሩ ደንብ ከእናቷ የተወሰደ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጥሩብርሃን ደጀኔ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ችርቻሮ ንግድ
አድራሻ፦ ዲላ ከተማ፣ ጽጌ የመኖሪያ ቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 26 ቀን 2005 ዓ.ም.

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው፣ ቅዳሜ ኅዳር 22 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሀሌሉያ በመኪና ስትገጭ ያየሁትን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሱቄ የማኅበራችን መግቢያ በር አጠገብ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ኮረኮንች ሲሆን ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። በውስጥ በኩል ያለው የጋራ መንገድ ግን ለጥ ያለ ኮብልስቶን ነው፤ ልጆቻችን ብስክሌት የሚነዱት እዚያ ነበር። ባለፈው መስከረም የአንድ ጎረቤታችን መኪና በብስክሌት ተጫረ፤ አንድ አዛውንትም በኳስ ተመትተው ወደቁ። በዚህ ምክንያት ጠቅላላ ጉባኤው በጋራ መንገዱ ላይ ብስክሌት፣ የኳስ ጎልና ዥዋዥዌ እንዳይኖር፣ ልጅም እንዳይጫወት ደንብ አወጣ። እኔ "ልጆቹን ቤት ውስጥ ልንቆልፍባቸው ነው ወይ?" ብዬ ተቃውሜ ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ጉግሳ ወደፊት ሌላ ቦታ እንደሚፈለግ ነገሩን። አልተፈለገም። ልጆቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወጥተው ከበሩ ውጭ መንዳት ጀመሩ። ደንበኛ በሌለኝ ሰዓት ሁሉ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር።

በዕለቱ ስኳር እየመዘንኩ ሳለ የልጄን ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ብስክሌቱ ቁልቁለቱን ይዟት ሲወርድ አየሁ፤ ፍሬኑ እንቢ ብሏታል። "እማዬ!" እያለች አስፋልቱ ውስጥ ገባች። ከይርጋጨፌ በኩል ቡና የጫነ አይሱዙ እየመጣ ነበር። አመጣጡ በዝግታ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ወደ ግራ ቢጠመዝዝም የኋላ ጎማው እግሯን ረገጠው። ሾፌሩ ፈይሰል የሚባል ወጣት ሲሆን አላመለጠም። ሸሚዙን አውልቆ እግሯን አሰረላትና ራሱ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባልኝ። ከዲላ ሪፈር ተጽፎልን ሐዋሳ ወሰድናት፤ እሑድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት አቶ ጉግሳ ሐዋሳ ድረስ መጥተው ልጄን ሲያዩ አለቀሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንቡ ሲወጣ የገዛ የልጅ ልጃቸውንም ብስክሌት ከልክለዋል። በኋላ ወደ ኮሪደሩ ጠርተውኝ "ጥሩዬ፣ መኪናው ይበር ነበር በይ። የደንቡን ነገር አታንሺው፤ እኛ እርስ በርስ ከተካሰስን ማኅበሩ ይፈርሳል" አሉኝ።

"ጋሼ ጉግሳ፣ ሾፌሩ ልጅ አልበረረም። የሰው ልጅ በሐሰት ላሳስር?" አልኳቸው።

"እሱስ ዘመድ አለው፣ ይፈታል። አንቺ ግን ከእኛ ጋር ነው የምትኖሪው" አሉኝ። ትቻቸው ወደ ልጄ ክፍል ተመለስኩ።

ማንን እንደምከስ በመርማሪ ተጠይቄ፣ ሾፌሩን እንደማልከስ ተናግሬያለሁ። የማኅበሩ ደንብ እንዲመዘገብልኝ ስጠይቅ ደንብ ማውጣት ወንጀል እንዳልሆነ ተገልጾልኛል። ወንጀል ነው አላልኩም፤ ብቻ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ትናንት ልጄን ለአባቷ ትቼ ልብስ ልወስድላት ዲላ ስመጣ፣ ማኅበሩ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ለጥፎ አገኘሁ። ከእንግዲህ ልጅ ብቻውን ከበር እንዳይወጣ ይላል። በውስጥ መንገድ መጫወትም እንደተከለከለ ነው። ጎረቤቶቼ ከበውኝ "ለልጅሽ ስንል እኮ ነው" አሉኝ። ከሐዋሳ ከመነሳቴ በፊት ሐኪሙ ሀሌሉያን፣ ቁስሏ ሲድን በክራንች ደጅ መውጣት እንደምትችል ሲነግራት ነበር። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞራ "የቱ ደጅ?" አለችኝ።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ እንደተናገርኩት መጻፉን ሰምቻለሁ። ያላየሁትን አልጨመርኩም፤ ያየሁትንም ለማንም ብዬ አልደበቅሁም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ጥሩብርሃን ደጀኔ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ ም/ሳጅን ሙንተሲር ሙሐዲን (ፊርማ)